በልብስ ማስጫ ሽቦ የመጣ ሠርግ

ጆሮዬን ማንም እንዲንቅብኝ አልፈቅድም። ነቀምት ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ልብስ ስሰፋ የኖርኩት ከስፌት መኪናዬ አጠገብ የቆመውን ትልቅ የእንጨት ሬዲዮግራም፣ ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ባንድ ሳጥን ያለበትን፣ እየሰማሁ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱ በሰላም ትረፍና፣ በተጋባን ዓመት የገዛው ነው። ከእሱ የቀሩኝ ይሄ ሬዲዮግራምና ልጃችን ድርቤ ናቸው። ካሴት ሲላላ፣ የሸክላ መርፌ ሲደንዝ፣ ጣቢያ ከቦታው ትንሽ ሲንሸራተት ከማንም ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ሰው ቤቴ መጥቶ «ምን አለበት፣ ይሰማል እኮ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። መሰማትና ማማር አንድ አይደሉም።

ድርቤም ጆሮዋን የወረሰችው ከእኔ ነው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ከመታሸጉ በፊት ሁለታችንም መዘምራን ነበርን። ከታሸገ ወዲህ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እቤት ቀረን። እኔ ስሰፋ እሷ ስትተኩስ ግን አንድ ዘፈን ሳንል የዋልንበት ቀን የለም። እናቴ እኔን ስትድር የዘፈነችው የኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን ነው፤ ልጅ ትጠይቃለች፣ እናት ትመልሳለች። «እናቴ፣ እኔ ስሄድ በርሽን ማን ይዘጋልሻል?» ትላለች ልጅ። እናትም «ክፍት ይደር፣ ትመጪ የለም ወይ?» ትላታለች። ስለ ውኃው፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ እሳቱ እያለ ይቀጥላል። የእናትየው መልስ ከሌለ ግማሽ ዘፈን ነው።

ወልደዮሐንስ ድርቤን ሲጠይቅ ደስ አለኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ነገሩ ያለው እናቱ ላይ ነበር። እማዋይሽ ጎጃሜዎች ከሰፈሩበት ከኪራሙ መጥታ ከተማ የገባች፣ የጎጃም አነጋገሯን አንድም ቀን ያልጣለች፣ ግቢዋ ከእኔ ቁልቁል ጥቂት አጥር አለፍ ብሎ የሚገኝ ሴት ናት። ሽምግልናው ገና ከማለቁ ገበያ መሀል ቆማ እንዲህ ማለቷ ጆሮዬ ደረሰ፦ «ልጅቱስ መልካም ናት። ዳሩ የጴንጤ ሠርግና ለቅሶ በምን ይለያል? ከበሮ የለ፣ እልልታ የለ!»

እኔ ቃል ሳልተነፍስ ድርቤ ተቆጣች። «አዮ» አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። «እዚያው ዳሷ ውስጥ ቆሜ የአያቴን ዘፈን ነው የምዘፍነው። ከእነማን ቤት እንደመጣሁ ይወቁ።»

«ማን ይመልስልሻል ታዲያ?» ስላት ፊቷ ጠቆረ።

በእኛ ዘንድ የሙሽራ እናት በሠርጉ ቀን ወንዱ ቤት አትሄድም። የልጁ እናት ራሷ «ነይ» ብላ እስክትጠራት ድረስ ደጁንም አትረግጥም፤ ጥሪው የሚመጣው ደግሞ ወራት ካለፈ በኋላ ነው። ሙሽራዋን ሸኝታ ቤቷ ቁጭ ብላ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚሉ ጎረቤቶችን ስታስተናግድ ትውላለች። ይህን ወግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሴት ልጅ እንዳልነበረው ግን እርግጠኛ ነኝ።

«አንቺ የማትሰሚው ከሆነ አልዘፍነውም» አለች ድርቤ። እሷ አንዴ አልሁ ካለች አለች ነው፤ ይሄንንም ከእኔ ነው የወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድግሱም፣ ቀሚሱም፣ የእማዋይሽ ምላስም ተረሳኝ። የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ዳሱ መሀል ትዝፈን፣ እኔም ቤቴ ሆኜ ልስማት።

መላ ይዘው የመጡልኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ችግሩ በአንድ ቀን መምጣታቸው ነበር። አንደኛው የወልደዮሐንስ ታላቅ ወንድም ተድላ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ነው። ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ሽቦ የሌለው ማይክሮፎን ይዞ መጥቷል። ሁለተኛው ጎረቤቴ ረዲ፣ ሙዚቃ ቤት ያለው የጉራጌ ነጋዴ፣ ከሱቁ እስከ ማዶው ሻይ ቤት ሽቦ ዘርግቶ ሰፈሩን ካሴት የሚያሰማው ነው።

«እማማ ዘርፈሽ፣ ይቺን ድርቤን አስይዛታለሁ» አለ ተድላ ማይክሮፎኑን እያሳየኝ። «እርስዎ ሬዲዮግራሙን ኤፍ ኤም ላይ ያደርጉታል፤ በቃ፣ ድምፁ በአየር ይመጣል።» ኤፍ ኤም የሚባለው ክፍል ላይ በእኛ አገር ያኔ አንድም ጣቢያ አልነበረም፤ «ሹ» የሚል ሹሹታ ብቻ ነው።

«ወላሂ እትዬ፣ በአየር የመጣ ድምፅ አቧራ ሳይዝ አይመጣም» አለ ረዲ። «እኔ ሽቦ ልዘርጋልሽ።»

«አቧራ!» ተድላ ከት ብሎ ሳቀ። «ሽቦ ይበጠሳል፣ በሬ ይጎትተዋል። ዘመኑ የአየር ነው ረዲ!»

«አየርን ማን ይይዘዋል? ሽቦ ግን ከማን ቤት እንደተነሳ፣ ከማን ቤት እንደሚደርስ ያውቃል።»

ሻዬን ጠጥተው፣ ስኳሬን ጨርሰው፣ እየተከራከሩ ወጡ። ስኳር በቀበሌ በሚታደልበት ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔም ለጊዜው ለተድላ ፈረድኩ፤ የአማቼ ወንድም ነውና ቅር እንዳይለው ብዬ።

ሙከራው በጠራራ ፀሐይ ተደረገ። ተድላ ማይክሮፎኑን ከፍቶ እናቱ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ድምፁ መድረሱን ሊያይ ወደ እኔ ቤት ሮጠ። ገና በሩን አልፎ ሳይገባ የእማዋይሽ ድምፅ ከሬዲዮግራሜ ወጣ። ከማን ጋር እንደምታወራ አላውቅም፤ ስለ ማን እንደምታወራ ግን ግልጽ ነበር።

«ይች ሴትዮ ምን ሁና ነው? ልጇን ስትድር ከእንጨት ሳጥን ፊት ተገትራ ልትውል ነው አሉ። ለመልሱ የምታበላንም ከሳጥኑ ካልወጣ እንጃላት!»

ተድላ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ላቡን ባይ አዘንኩለት። የተናገረችው እንዳለ ሆኖ ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ ከበስተኋላው ያቺ ሹሹታ አለች እንጂ። እንዲያ ብዬ ልነግረው አፌን ስከፍት ጎረቤታችን አሰፋች ሆዷን ይዛ እየሳቀች ገባች። የአሰፋች ሕፃን ሹሹታ ካልሰማ አይተኛም። ስለዚህ ሬዲዮኗን ምንጊዜም ኤፍ ኤም ላይ ትታው ነው የምትውለው። እማዋይሽ ድንገት ከሕፃኑ ራስጌ መናገር ስትጀምር አሰፋች ይህን የመሰለ ነገር ለብቻዋ መስማቱ አላስቻላትም፤ ሬዲዮኑን ደጃፍ አውጥታ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማ።

የሰማው መንገደኛ ሁሉ ደግሞ ዘመድ አልነበረም። ጀንበር ሳትጠልቅ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጃራ ጠመንጃውን እንደያዘ መጣ። ልጅነቱን የማውቀው፣ የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፋሁለት ሰው ነው።

«አዴ ዘርፈሽ» አለኝ በኦሮምኛ ወግ አክብሮ፣ «ባኬ ጃማ ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ የከፈተው ማነው?»

አፉ ይስቃል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ በሳቅ ተጀምሮ በሳቅ ላያልቅ ይችላል። ስለ ሠርጉ፣ ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ልጄ እንዳለ ነገርኩት።

«እንግዲህ ዛሬ ጆሮዬን አሞኝ ነበር» አለ ሲወጣ። «ነገ ግን ይሻለኛል።»

ተድላ በዚያው ማታ ማይክሮፎኑን እናቱ የጤፍ ጎተራ ውስጥ ቀበረው። እኔና እማዋይሽ ደግሞ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሷ ሰማይ ታያለች፣ እኔ መሬት።

ረዲ «ብዬ ነበር» አላለም። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ችግሩ ሽቦ ነበር፤ ሁለት መስመር ያስፈልጋል፣ እሱ ያለው ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ነው፣ ከተማው ሱቆች ውስጥ ደግሞ እንኳን ሽቦ ምስማርም ጠፍቷል። እኔና እሱ መስኮቱ ጋ ቆመን ወደ ደጅ አየን። የድርቤ ነጭ ቀሚስ ደጅ ተሰጥቶ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

«ረዲ» አልኩት፣ «ይሄ የተሰጣበት ምንድን ነው?»

አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ከእኔ ግቢ እስከ እማዋይሽ አጥር የልብስ ማስጫ ሽቦ የሌለው አንድም ቤት የለም።

ማግስቱን ከደጅ ደጅ ዞርን። «ለድርቤ ሠርግ ሽቦሽን አውሺን» ስንል እምቢ ያለን የለም፤ እንዲያውም የአንዱን ግቢ ከሌላው ለማገናኘት የአጥር ሽቦውን የነቀለልንም አለ። ረዲ የሁሉንም ማስጫ ጫፍ ለጫፍ ቋጠረው፤ ከሥሩ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጎ የራሱን ሽቦ ዘረጋ፤ አንዱን ጫፍ ከሬዲዮግራሜ ስፒከር፣ ሌላውን እማዋይሽ ግቢ ካኖረው ድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘ። እያንዳንዷን የቤት እመቤት እያስቆመ አስጠነቀቀ። «የላይኛውና የታችኛው ከተነካኩ ድምፁ ይሞታል። በሠርጉ ቀን መሀረብ እንኳ እንዳይሰጣ፣ አደራ!» ሁሉም ማለ። አሰፋች ደግሞ በሕፃኗ ማለች።

ተድላም አኩርፎ አልቀረም። ሽቦው ሲጎተት እጅጌውን ሰብስቦ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ዋለ። አመሻሽ ላይ ረዲን «አንድ ነገር ልንገርህ» አለው። «እማማ ቤት ያለው ስፒከር የሚናገር ብቻ እንዳይመስልህ፤ መስማትም ይችላል። አንተ ጋ ገመዶቹን ብትገለብጣቸው እሳቸው የሚሉት ዳሱ ውስጥ ይሰማል።»

«ያለ ማይክሮፎን?»

«ያለ ማይክሮፎን። ‹አየርህ ይሄን አይችልም› እንዳትለኝ ብቻ» አለ ተድላ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሞከሩት፤ ሠራ። ሲገለበጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከቀጭታው በኋላ ተራው የእኔ ነው። መጀመሪያ ግን ከእማዋይሽ ግቢ ወደ እኔ የመጣውን ድምፅ ልንገራችሁ። ሹሹታ የለ፣ አቧራ የለ። ረዲ ከመናገሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ከእሱ ኋላ የቆመች ዶሮ እንኳ የት ጋ እንዳለች ለይቼ ልነግራችሁ እችል ነበር። ሬዲዮግራሙ ላይ እጄን ጭኜ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ቆጨኝ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ድርቤን መርቄ ሸኘሁ። ሚዜዎቹ ይዘዋት ሲወርዱ ዞር ብላ «አዮ፣ ትሰሚኛለሽ አይደል?» አለችኝ። «ትንፋሽሽን ሳይቀር» አልኳት። ከዚያ ወጉ እንደሚለው ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ጎረቤቶቼ ከበቡኝ። ሬዲዮግራሙ የእማዋይሽን ዳስ ሳሎኔ ውስጥ አመጣው፦ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ የሚጎተተው አግዳሚ ወንበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታው ቤቴን ሞላው። የረዲ ድምፅ መጣ፦ «እትዬ ዘርፈሽ፣ ተዘጋጂ። ድርቤ ልትነሳ ነው።»

ወዲያው ሞተ።

ዝም። ሹሹታም የለ፣ ምንም የለ። ማዞሪያውን አዞርኩት፣ ሳጥኑን በጥፊ መታሁት። ሴቶቹ ተያዩ። እኔ ግን ብድግ አልኩ።

«ወዴት ነው? ኧረ ነውር ነው! የሙሽራ እናት በልጇ ሠርግ ቀን ትወጣለች እንዴ?» አሉ ባንድ አፍ።

«እማዋይሽ ቤት አልሄድም፤ ሽቦዬን ላይ ነው» ብዬ ወጣሁ።

ሐር ቀሚሴን በእጄ ሰብስቤ፣ ዓይኔን ሽቦው ላይ ተክዬ ቁልቁል ወረድኩ። በአንዱ ግቢ አለፍኩ፣ ደህና ነው። በሌላው አለፍኩ፣ እሱም ደህና ነው። የአሰፋችን አጥር ዞሬ ስገባ አየሁት። የባሏ ጋቢ፣ ያ ባለ አራት እጥፉ፣ ውኃውን እያንጠባጠበ ሽቦው መሀል ተንጠልጥሏል። ክብደቱ የላይኛውን ሽቦ ጎትቶ ከታችኛው ጋር አጣብቆታል።

«አሰፋች!»

ሕፃኗን እንዳዘለች ብቅ አለች። ጋቢውን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች። «ለሠርጉ ብዬ እኮ ነው! ባሌ ለድርቤ ሠርግ አድፎ ይሂድ? ፀሐዩ ቶሎ ያደርቀዋል ብዬ… ወይኔ ጉዴ!»

አልመለስኩላትም። ጋቢውን በሁለት እጄ ገፍፌ ሣሩ ላይ ጣልኩት። ሽቦው ተንጠራርቶ ወደ ቦታው ዘለለ። እኔ ወደ ላይ ሮጥኩ። ከተዳርኩ ወዲህ እንዲያ የሮጥኩ አይመስለኝም።

ኋላ እንደሰማሁት ረዲ መስመሩ መሞቱን ወዲያው አውቋል። ለዳሱ «ካሴት ተጠላልፎብኛል፣ አንድ ጊዜ!» ብሎ ዋሸ። ድርቤ ቆማ ትጠብቃለች፣ እማዋይሽ «በቃ ይብላ እንግዳው» እያለች ትቆጣለች፣ ተድላ ደግሞ በእናቱና በረዲ መሀል ቆሞ ይለምናል። ረዲ እኔ ስናገር እንዲሰማ ብሎ ገመዶቹን ገልብጦ ቆየ።

እኔ ይህን አላወቅሁም። ትንፋሼ ተቆራርጦ ስገባ ሳጥኑ አሁንም ዝም ብሏል። ይሄኔ ንዴቴ ገነፈለ።

«ምነው አሁንስ! ጋቢውን ገፍፌ ጣልኩት እኮ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ የአሰፋችን አጥር ስዘል ልዋል? እማዋይሽ እንደሆን ሳጥን ፊት ተገተረች ብላ አምታኛለች፤ እንግዲህ ሳጥኑም ከእሷ ወግኗል!»

ቀጭ አለ። ሬዲዮግራሜም በሳቅ ፈነዳ። ዳሱ ሙሉ ሰው ነው የሚስቀው፤ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ጠላ ቀጂው። የተናገርኩት አንድም ሳይቀር እዚያ ተሰምቷል። ሳሎኔ ውስጥ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ። እኔ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሳቁ ሲበርድ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። «አዮ፣ መጣሽ?»

ከዚያ ትንፋሿን ሳበች፤ ሰማሁት። ዘፈነች።

ልጄን ስንት ዓመት ስሰማት ኖሬያለሁ፤ እንዲያ አድርጋ ስትዘፍን ግን ሰምቻት አላውቅም። እቤት የምንዘፍነው ለግድግዳው እንኳ እንዳይሰማ አድርገን ነው። ያን ቀን አልፈራችም። ድምፅዋ ሳይሸራረፍ፣ ሳይሳሳ፣ አሰፋች ግቢ አልፎ፣ የሰፈሩን ሁሉ ማስጫ ተንተርሶ ጉልበቴ ሥር መጣ። «እናቴ፣ እኔ ስሄድ በርሽን ማን ይዘጋልሻል?» ብላ ጠየቀችና ዝም አለች። እዚያ ቦታ ላይ መልስ ነው ያለው፤ መልሱ የእኔ ነው።

ቀጭ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ጀምሮ ደረቴ ውስጥ ያጠፍኩትን ድምፅ ሁሉ አወጣሁት። «ክፍት ይደር፣ ትመጪ የለም ወይ?» ስል የመስኮቴ መስታወት ጮኸ። ማን ይሰማኛል አላልኩም። ይስሙ! ስለ ውኃው ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ስለ ጥጃው፣ ስለ እሳቱ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ረዲ እየገለበጠ፣ ተድላ እየቆጠረለት፣ እኔና ልጄ ከላይ ቤትና ከታች ቤት ሆነን ዘፈኑን ሙሉ አደረግነው። እናቴ ብትሰማው አንድ እንከን አታወጣለትም ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ቀጭ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ብቻዋን እልልታዋን አቀለጠችው። ሌሎቹ ተከተሏት፤ ሳሎኔ ያሉትም ተቀበሉ። ከዚያ ሁሉ ሁካታ መሀል የእማዋይሽ ድምፅ ቀረበ፤ ማይክሮፎኑን ቀምታ መሆን አለበት።

«ዘርፈሽ፣ እኔ ነኝ። እልል ያልሁትም እኔ ነኝ። ሳጥኑ ውስጥ አለሽ አሉኝ።» ትንሽ ሳቅ አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ስሚኝ እህቴ፤ የእኔም በር ክፍት ነው። ምን ወራት ያስጠብቀኛል? አሁን ነይ አንች። ልጅሽ እየጠበቀችሽ ነው።»

ቀጭ አለ፤ መልሴን እየጠበቁ ነው። «መጣሁ» ብቻ አልኩ፤ እሷ መስማቷን እንጃ።

ነጠላዬን አጣፋሁ። ሴቶቹን አስከትዬ፣ እልልታው እያጀበን፣ ሽቦውን ተከትለን ወረድን። መንገድ ላይ ጃራ ቆሞ ነበር፤ ጠመንጃውን ወደ ኋላው አድርጎ ከመንገዱ ገለል አለልን። አሰፋች ግቢ ስንደርስ ጋቢው አሁንም ሣሩ ላይ ወድቆ አየሁት። ሴቶቹን «አንድ ጊዜ» አልኳቸው። አነሳሁት፣ አራገፍኩት፣ ሽቦው መሀል ላይ ዘርግቼ ሰጣሁት። የላይኛው ሽቦ ዝቅ አለና የታችኛውን ነካው፤ እኔም ወደ ልጄ ሄድኩ።